መኪናውን ዋራንቲው ባለቀ ማግስት አወዳድሩት

ዛሬ ከፖለቲካው ጥቂት ወጣ ብለን ስለ መኪና እናውራ። ወጣ ብንልም ብዙ አንርቅም፤ ጉዳዩ የገንዘብ፣ የዕዳና የይሉኝታ ጉዳይ ነው።

«ቢኤም ልግዛ ወይስ መርሴዲስ?» በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ፣ አበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የማያልቅ ክርክር ነው። አንዱ የጀርመን ሞተር ያደንቃል። ሌላው «ከጃፓን ወዲያ ላሳር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ኮሪያ ሁለቱንም ደርሳባቸዋለች ብሎ ይሞግታል። ክርክሩ ደስ ይላል። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ ዲለር ይሄድና ለስድስት ዓመት የሚዘልቅ ዕዳ ይፈርማል።

የማወራው ስለ ትናንሽ የቅንጦት ስፖርት ሴዳኖች ነው፦ ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ፣ መርሴዲስ ሲ ክላስ፣ አውዲ ኤ4፣ ሌክሰስ አይኤስ፣ ጀነሲስ ጂ70፣ አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ። አሜሪካ ውስጥ አዲሶቹ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ይጀምራሉ። ጥቂት ነገር ሲጨመርባቸው 50 ሺህንም 60 ሺህንም ያልፋሉ።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። እነዚህን መኪናዎች የምናወዳድረው በተሳሳተ ቀን ነው። ሁላችንም የምናወዳድራቸው ዲለር ግቢ ውስጥ ታጥበው፣ ጎማቸው ጠቁሮ፣ ሽታቸው ሳይለቅ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ሁሉም ያምራሉ። ሊወዳደሩ የሚገባው ዋራንቲያቸው ባለቀ ማግስት ነው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ጥገና ከራሳችሁ ኪስ በሚከፈልበት ቀን። ያን ቀን አስቦ የገዛ ሰው አይጸጸትም።

▪️ እያለቀ ያለ ዘር

ትንሽ ታሪክ። ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስን ያወጣው እ.ኤ.አ በ1975 ነው። መርሴዲስ በ1982 በ190 ተከተለ፤ ሲ ክላስ የሚለው ስም የመጣው በ1993 ነው። አውዲ ኤ4 በ1994 ተወለደ። ቶዮታ በ1998 ጃፓን ውስጥ አልቴዛ ብሎ ያወጣውን መኪና ለአሜሪካ ሌክሰስ አይኤስ አድርጎ አቀረበው። ለሠላሳ ዓመታት ያህል «ሥራ ያዝኩ፣ ተሳካልኝ» የሚል ወጣት ባለሙያ የመጀመሪያ ምኞቱ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

አሁን ገበያው ወደ ኤስዩቪ ዞሯል። ጃጓር ኤክስኢን ከአሜሪካ ገበያ አስወጣ። ኢንፊኒቲ ኪው50ን አቆመ። አኩራም ቲኤልኤክስን በ2025 ማምረት አቆመ። አውዲ ኤ4 የሚለውን ስም ትቶ ተተኪውን ኤ5 ብሎታል። መርሴዲስ ደግሞ በኃይለኛው ሲ63 ላይ የነበረውን ባለ8 ሲሊንደር ሞተር በባለ4 ሲሊንደር ሀይብሪድ ቀየረው።

ይህን የምነግራችሁ ለትካዜ አይደለም፤ ለገዢ ትርጉም ስላለው ነው። አንድ ሞዴል ከምርት ሲወጣ መለዋወጫው በአንድ ቀን አይጠፋም። ነገር ግን መልሳችሁ ስትሸጡት የገዢው ቁጥር ያንሳል፣ ሞዴሉን ደህና አድርጎ የሚያውቅ መካኒክም ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ «በጣም ረከሰ» የተባለ የቆመ ሞዴል ስታዩ፣ የረከሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

▪️ ፍጥነቱን የት ትነዱታላችሁ?

የመኪና ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ከዜሮ እስከ 60 ማይል በስንት ሴኮንድ እንደሚደርስ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ተራዎቹ ሞዴሎች ከ5 እስከ 7 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። 330አይ እና ሲ300 እያንዳንዳቸው 255 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ የጁሊያ ባለ2 ሊትር ሞተር 280 አለው፤ አይኤስ350 ደግሞ 311። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል።

እስቲ ወደ እውነተኛው መንገድ እንምጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል መብለጥ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። በሕጉ «ግድየለሽ አነዳድ» ይባላል። ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም የዜግነት ማመልከቻው ገና ላልተቋጨለት ሰው፣ በስሙ ላይ የወንጀል መዝገብ መከፈቱ ምን ዓይነት ራስ ምታት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም። ጠዋትና ማታ በ495 ቀለበት መንገድ ላይ ተጨናንቆ ለሚጓዝ ሰውማ 380 የፈረስ ጉልበት ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን አያይም።

ታዲያ «ስፖርት» ምን ጥቅም አለው? ጥቅሙ በጉልበቱ ሳይሆን በመሪውና በአያያዙ ላይ ነው። 3 ሲሪስ፣ ሲ ክላስ፣ አይኤስ፣ ጂ70 እና ጁሊያ መሠረታቸው የኋላ ጎማ የሚነዳ ነው። የፊት ጎማዎቹ ሥራ መምራት ብቻ ስለሚሆን መሪው ንጹሕ ስሜት ይሰጣል፤ ኩርባ ላይ መኪናው ሚዛኑን ይጠብቃል። ይህን በ45 ማይል ፍጥነትም ትቀምሱታላችሁ። ኤ4 መሠረቱ የፊት ጎማ ነው፤ ኳትሮ የሚባለው የአራት ጎማ አነዳዱ ግን ለበረዶ አገር ምቹ ያደርገዋል። ሚኒያፖሊስ ወይም ዴንቨር የምትኖሩ ከሆነ የአራት ጎማ አነዳድ ያለውን ምረጡ። የበጋ ጎማ የተገጠመለትን ከገዛችሁ ደግሞ ለክረምት ሌላ ጎማ ያስፈልጋችኋል፤ የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መጠንከርና መንሸራተት ይጀምራል። ይህም ወጪ ነው፤ ዲለሩ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ አይጽፈውም።

▪️ 50 ሺህ ማይል

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ መጣሁ። አሜሪካ ውስጥ ቢኤምደብሊው፣ መርሴዲስ፣ አውዲ እና አልፋ ሮሜዮ ለአዲስ መኪና የሚሰጡት ዋራንቲ 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው፤ ቀድሞ የመጣው ይቆጠራል። ሌክሰስም አጠቃላይ ዋራንቲው እንደዚሁ ነው፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን ግን እስከ 6 ዓመት ወይም 70 ሺህ ማይል ይሸፍናል። ጀነሲስ አጠቃላዩን 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል፣ የሞተርና የካምቢዮውን ደግሞ 10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ይሰጣል።

«ወይም» የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። በዓመት 15 ሺህ ማይል የሚነዳ ሰው 50 ሺህዋን በ3 ዓመት ከ4 ወር ይጨርሳል። በመኪናው ሥራ የሚሠራና በዓመት 30 ሺህ የሚነዳ ሰው በ20 ወር ይጨርሳል። በ72 ወር ክፍያ የገዛ ከሆነ፣ ዋራንቲው አልቆ ገና 52 ወር ዕዳ ይቀረዋል! ለንግድ ሥራ የሚውል መኪና በዋራንቲው መሸፈን አለመሸፈኑንም ወረቀቱ ላይ ፈልጎ ማንበብ አለበት።

ሌላ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የጀነሲስ የ10 ዓመት ዋራንቲ ለመጀመሪያው ባለቤት የተሰጠ ነው። ያገለገለ ጂ70 ከግለሰብ የሚገዛ ሰው «10 ዓመት አለው» ተብሎ ቢነገረው አይመን። ከጀነሲስ ዲለር በኩባንያው ተመርምሮና ተረጋግጦ የሚሸጠው ሌላ ነው፤ እሱንም ቢሆን በጽሑፍ አስይዙት።

ከዋራንቲው በኋላ ምን ይመጣል? የእነዚህ መኪናዎች ዋጋ ሲያረጁ ይወርዳል፤ የመለዋወጫቸው ዋጋ ግን አብሮ አይወርድም። አዲስ ሆኖ 50 ሺህ ዶላር የነበረ መኪና በስምንተኛው ዓመቱ በ14 ሺህ ብትገዙት፣ የፍሬኑ ሸራ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቱርቦው፣ የመብራቱ ኮምፒውተር ዋጋቸው አሁንም የ50 ሺህ ዶላር መኪና ዋጋ ነው። ብዙዎቹ ፕሪሚየም ቤንዚን እንዲሞላላቸው አምራቾቹ ይመክራሉ። ብዙ የቢኤምደብሊው ሞዴሎች ተጠባባቂ ጎማ የላቸውም፤ ቢተነፍስም ለጥቂት ማይል በሚሄድ ልዩ ጎማ ነው የሚነዱት፣ እሱም ከተራው ጎማ ይወደዳል። የፊትና የኋላ ጎማቸው ስፋት የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ ዕድሜ መጨመር አይቻልም።

▪️ ወርሃዊው ቁጥር

ዲለር ቤት ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «በወር ስንት መክፈል ትችላላችሁ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ አትመልሱለት። በትሕትና «መጀመሪያ የመኪናውን ጠቅላላ ዋጋ ንገረኝ» በሉት። ወርሃዊው ቁጥር እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ወሩን ካስረዘሙት የማያምር ዋጋ የለም።

አንድ ስሌት እንሥራ። 45 ሺህ ዶላር በ9 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ብትበደሩ በወር ወደ 811 ዶላር ትከፍላላችሁ። ጠቅላላው ወደ 58,400 ዶላር ይመጣል። ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ወለድ ብቻ ማለት ነው። ክሬዲታቸው ገና ያልተገነባ አዲስ መጤዎች ከዚህ በላይም ወለድ ይጠየቃሉ። ክሬዲታችሁን አንድ ዓመት አሳድጋችሁ ብትገዙ ያው መኪና በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይረክስላችኋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

ሊዝስ? ሦስት ዓመት ነድቶ ለሚመልስና የማይል ገደቡን ለሚያከብር ሰው፣ በተለይ ለጀርመኖቹ፣ ሊዝ መጥፎ አይደለም፤ ዋራንቲው ሳያልቅ መኪናውን ትመልሳላችሁና ያ የምፈራላችሁ ማግስት አይደርስባችሁም። ነገር ግን በዓመት 10 ሺህ ማይል ፈርማችሁ 15 ሺህ ብትነዱ በሦስት ዓመት 15 ሺህ ማይል ትርፍ ይሆናል። በማይል 25 ሳንቲም ቢታሰብ 3,750 ዶላር ስትመልሱ ትጠየቃላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት የእውነት ስንት ማይል እንደምትነዱ ካለፈው ዓመት የዘይት ቅየራ ደረሰኞቻችሁ ላይ ቆጥራችሁ ሂዱ።

ኢንሹራንሱንም ከመፈረም በፊት አስገምቱ። ሞዴሉንና ዓመቱን ነግራችሁ ሁለት ሦስት ቦታ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ቤት ውስጥ የ19 ዓመት ልጅ በኢንሹራንሱ ውስጥ ካለ፣ ውሳኔያችሁን የሚቀይረው ይህ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

▪️ የኋላው ወንበር

የእኛ ሰው መኪና ብቻውን አይነዳም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዓርብ መስጊድ፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ከአየር ማረፊያ አራት ሻንጣ ይዛ የመጣች እናት አለች። አይኤስ ከኋላ ለእግር ያለው ቦታ 32.2 ኢንች ነው፤ 3 ሲሪስ 35.2 ኢንች ነው። ሦስት ኢንች ትንሽ ይመስላል እንጂ ጉልበት ከወንበሩ ጀርባ ጋር ይጋጫል አይጋጭም የሚለው የሚወሰነው በእሷ ነው። ልጅ ያላችሁ ደግሞ የሕፃን ወንበራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ግጠሙትና እዩት። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።

▪️ እንዴት ትፈትሹ?

አንደኛ፣ እኩያውን ከእኩያው ጋር አወዳድሩ። 330አይን ከሲ300 ጋር፣ ኤም340አይን ከጂ70 ባለ6 ሲሊንደር ጋር። አንዱን በ19 ኢንች ቸርኬ፣ ሌላውን በ18 ነድታችሁ «ይኼኛው ይንገጫገጫል» ብትሉ የፈረዳችሁት በመኪናው ላይ ሳይሆን በጎማው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን ነድታችሁ ጨርሱ። ዛሬ አንዱን፣ በሳምንቱ ሌላውን ከነዳችሁ ስሜቱ ይጠፋባችኋል።

ሦስተኛ፣ ሻጩ የመረጠላችሁን ለስላሳ መንገድ ሳይሆን የራሳችሁን መንገድ ንዱ። ጉድጓድ ያለበትን፣ ስትሄዱ ስትመጡ የምታውቁትን። ሬዲዮውን ዝጉትና ጎማውን አዳምጡ። የኋላ ወንበር ላይም ተቀመጡ።

አራተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ድረሱ። «አሙቄ ጠበቅኳችሁ» የሚል ሻጭ ችግር የሚሰማበትን የመጀመሪያውን ደቂቃ ቀምቷችኋል። ከዚያ ሻጩን በማያውቅ፣ በዚያ መኪና ላይ በሚሠራ ጋራዥ ጥቂት መቶ ዶላር ከፍላችሁ አስመርምሩት። «አይመረመርም» ካለ ምስጋና አቅርባችሁ ውጡ። ባለ17 አሃዙን የመኪናውን መለያ ቁጥር ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡት ያልተሠራ የአምራች ጥሪ ካለበት በነጻ ይነግራችኋል።

▪️ የእኔ ፍርድ

«አንተ ግን የትኛውን ትላለህ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሸሽቼ አላልፍም።

ሦስት ዓመት ነድቶ ለመመለስ፣ የመንዳት ደስታ ለሚፈልግ፦ 3 ሲሪስ። መሪው፣ ካምቢዮውና የኋላ ቦታው ተደምረው ከሌሎቹ ሚዛናዊ ነው።

ፀጥታና የውስጥ ውበት ለሚፈልግ፣ ለፍጥነት ለማይጨነቅ፦ ሲ ክላስ። እሱም በሊዝ ወይም ዋራንቲው ሳያልቅ ለመሸጥ።

አዲስ ገዝቶ እስኪያረጅ ለሚይዝና በገደቡ ውስጥ ለሚነዳ፦ ጂ70። በ2019 የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተመረጠው በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት ሁኑ እንጂ።

ያገለገለ ገዝቶ ለብዙ ዓመት ለሚነዳ፦ ሌክሰስ አይኤስ350። መሣሪያዎቹ ያረጁ ናቸው፣ የኋላው ጠባብ ነው፣ ቤንዚን ይጠጣል። ነገር ግን ቱርቦ የሌለው ባለ3.5 ሊትር ሞተሩ ለዓመታት የተፈተነ ነው። ዋራንቲው ባለቀ ማግስት እንቅልፍ የሚያስተኛው እሱ ነው።

ጁሊያ? ከሁሉም ቆንጆዋ እሷ ናት፤ መሪዋም ከሁሉም ይበልጣል። ግን አቅራቢያችሁ የምታምኑት ዲለር ከሌለና ሁለተኛ መኪና ቤት ውስጥ ከሌለ አትግቡበት።

▪️ «አንድ ሕይወት ነው ያለን»

የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ። «ሃያ ዓመት ሌሊት ሠርቼ፣ ወንድሞቼን አስተምሬ፣ ለቤተሰብ ልኬ፣ አንድ ጥሩ መኪና ልንዳ ብል ምን ትለኛለህ?» እኔ ምንም አልልም፤ ይገባሃል። ሁሉም ሰው ኮሮላ ይንዳ የሚል እምነት የለኝም። በደንብ የተሠራ መኪና መንዳት እንደ ጥሩ ቡናና እንደ ጥሩ ጫማ ክብር ያለው ደስታ ነው።

የምቃወመው ሌላውን ነው። መኪናውን ለራሱ ሳይሆን ለሚያዩት ሰዎች የሚገዛውን። ከእገሌ መኪና ጋር አወዳድሮ የገዛ ሰው ውድድሩን አያሸንፍም፤ እገሌ በሚመጣው ዓመት ይቀይራል። ፎቶው አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ «ሀብታም ሆነ» ተብሎ ጥያቄው ይበዛል፤ ወርሃዊው 811 ዶላር ግን በፎቶው ላይ አይታይም። ዕዳውን የሚከፍለው፣ በልመናው የሚጨነቀው ያው አንድ ሰው ነው።

«ሲያረጅ አገር ቤት እልከዋለሁ» ለሚሉም አንድ ቃል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ያ በር አሁን ዝግ ነው፤ በስሌታችሁ ውስጥ አታስገቡት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ዲለር ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ፦ በዓመት ስንት ማይል እነዳለሁ? ዋራንቲው የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው? በዚያን ወር ስንት ዕዳ ይቀረኛል? በዚያን ወር የ3 ሺህ ዶላር ጥገና ቢመጣ ከየት እከፍላለሁ? ለአራተኛው ጥያቄ መልስ ካላችሁ፣ የትኛውንም ብትመርጡ እንኳን ደስ አላችሁ። መልስ ከሌላችሁ ግን አርማው ምንም ይሁን ምን መኪናው ገና የእናንተ አይደለም፤ አንድ ዓመት ጠብቁ።

ገዝታችሁ ዋራንቲውን ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያወጣችሁትን በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ ለሚቀጥለው ገዢ ከማስታወቂያ ይልቅ የእናንተ ደረሰኝ ይጠቅመዋል።

ቸር እንሰንብት።